የአባቴ ውሻ ባሕር ዳርን አልቻለውም

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ስለ ውሻ ነው። ሰው በስንት ነገር በሚጨነቅበት ጊዜ ስለ ውሻ መጻፍ አሳፍሮኝ ነበር። ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የ28 ዓመት መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ የሚሠራው ባሕር ዳር ስለሆነ የምንኖረው እዚህ ነው። አባቴ ባለፈው ጥቅምት አረፈ። አንበሶ የሚባል ውሻ ነበረው። ቡችላ ሆኖ ነው ያመጣው፤ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ውሻ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ማታ ማታ በር ላይ ተጋድሞ መንገዱን ሲያይ ያመሽ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እሱን እያየ እንደገና ያለቅሳል። ከአርባው በኋላ እናቴ እህቴ ቤት ገባች፤ እዚያ ለውሻ የሚሆን ቦታ የለም ተባለ። ለሰው ይሰጥ ሲሉ አላስቻለኝም። በጭነት መኪና አስጭኜ ወደዚህ አመጣሁት።

የምንኖረው ሦስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችን «ቀን ቀን ይታሰር» ብለው ፈቀዱልን። የታሰረው ከጓሮ፣ በቆርቆሮው አጥር ጥግ ነው። ባለቤቴ ከቆርቆሮ ቤት ሠራለት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደህና ነበር። መጋቢት ሲገባ ግን ምግብ ቀነሰ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያለከልክ ይውላል።

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ልንደርስ ጠዋት 3 ሰዓት ወጥተን 9 ሰዓት ላይ ተመለስን። ግቢው በጩኸት ተሞልቷል። አንበሶ አረፋ ደፍቆ፣ ምላሱ ጠቁሮ፣ ልነሳ ሲል እየተንገዳገደ ይወድቃል። ጎረቤቶች «አብዷል!» ይላሉ። አንድ ልጅ ዱላ ይዞ ቆሟል። ባለቤቴ እየጎተተ ወደ ጥላ ወሰደውና ውሃ አፈሰሰበት። ወደ ማታ ተነሳ፤ ውሃ ጠጣ፤ እጄን ላሰኝ። ከዚያ ጀምሮ አከራያችን «ወይ ውሻው ወይ እናንተ» ብለውናል። ባለቤቴ ገጠር ላሉ ዘመዶቹ እንስጠው ይላል፤ አንድ ቀን ሲናደድ ደግሞ «በመርፌ ይገላገል» አለኝ። እኔ ሳለቅስ ያየችኝ ጎረቤቴ «ለውሻ ነው እንዴ የምታለቅሽው?» አለችኝ። አባቴን ሁለተኛ የምቀብረው እየመሰለኝ ነው። ምን ላድርግ?

ባለቤቴ ሲጎትተው የአንበሶ ጥርስ እጁን ጫር አድርጎታል፤ እሱ ግን ምንም አይደለም ይላል።

ከባሕር ዳር

እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ ከመጨረሻው መስመር ላይ አልነሳ አለኝ። የጥርሱ ጭረት። ሌላውን ሁሉ በዝርዝር ጽፈሽ እሱን በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። የዓምዱን ቀን ሳልጠብቅ በተውሽልኝ ስልክ የደወልኩት ለዚህ ነው። ባለቤትሽ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመሩን ስትነግሪኝ ከላዬ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ነው የተሰማኝ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ «አሥር ቀን አለፈው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጅራቱን ይቆላል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ የተባባልነውን እዚህ የምደግመው ሌላም ቤት ተመሳሳይ ነገር ስለሚኖር ነው። ውሻ ሲነክስ፣ ወይም ጥርሱ ቆዳን ጫር እንኳ ሲያደርግ፣ ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይመጣ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። አንድ ጎረቤታችሁ ባለቤትሽን ጸበል ይዘሽው ሂጂ፣ የባህል መድኃኒት የሚያውቅም አለ ብላሽ እንደነበር በስልክ ነግረሽኛል። ጸበሉን አትተዪው፤ እምነትሽ ነው፣ የእኔም ነው። ግን መርፌው ይቅደም፤ ከዚያ ከክትባቱ ጎን ለጎን ጸበሉም ይቀጥል። ክትባቱ በተከታታይ ቀጠሮ የሚሰጥ ስለሆነ ሐኪሙ ይበቃል ካላለ በቀር አንድም ቀጠሮ እንዳያልፈው።

ዱላ የያዘውን ልጅም አልረሳሁትም። ሰውን የነከሰ ወይም የተጠረጠረ ውሻ የሚቻል ከሆነ አይገደልም። ከሰውና ከእንስሳ ተለይቶ ለአሥር ቀን ይጠበቃል። ሲነክስ በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታል። በሕይወትና በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ያ ልጅ በዱላው ቢመታው ኖሮ ዛሬ እናንተ ይህን አታውቁም ነበር፤ ባለቤትሽም በጭንቀት ይከርም ነበር።

አሁን ወደ አንበሶ እንምጣ።

ያበደ ውሻ ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ ውሃ ፈስሶበት፣ ማታ ላይ ተነስቶ የጌታውን እጅ አይልስም። በሽታው ከጀመረ ወደ ኋላ አይመለስም። ታዲያ ያየነው ምንድን ነው ብትዪኝ፣ አንበሶን የመታው ሙቀት ነው እልሻለሁ። አረፋውም፣ የምላሱ መጥቆርም፣ መንገዳገዱም ሙቀት የመታው ውሻ የሚያሳየው ምልክት ነው። ጎረቤቶችሽን ግን አትቀየሚያቸው። ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ አረፋ የደፈቀ ትልቅ ጥቁር ውሻ አይተው መደንገጣቸው ትክክል ነው። እኔም ብሆን ልጆቼን ይዤ ቤት እገባ ነበር።

ለምን መታው? እስቲ አብረን እናስበው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 600 ሜትር ወርዷል። ለሰባት ዓመት የጮቄ ተራራን ንፋስ እየጠጣ የኖረ ውሻ ነው። ጸጉሩም ለዚያ ብርድ የበቀለ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደህና የሆነው ባሕር ዳርም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን የከተማዋ ዋናው የሙቀት ወቅት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። እኛ ያልበናል፤ ላቡ ሲደርቅ ገላችን ይቀዘቅዛል። ውሻ ግን ገላው አያልበውም፤ መዳፉ ሥር ካለችው ጥቂት ላብ በቀር። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። የሚተነፍሰው አየር ራሱ ትኩስ ከሆነ ማለክለኩ ዋጋ ያጣል። በዚያ ላይ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ፀሐይን ይስባል። በዚያ ላይ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ እጅሽን አጥሩ ላይ አሳርፊው፤ አንበሶ የት እንደዋለ እጅሽ ይነግርሻል።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከእኛ ትንሽ ከፍ ይላል። 41 ሲደርስ የውስጥ አካሉ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ ባለቤትሽ ውሃ ያፈሰሰበት ያቺ ሰዓት የአንበሶን ነፍስ ያዳነች ሰዓት ናት። «በመርፌ ይገላገል» ያለውም እሱ ነው፤ በባዶ እጁ ጎትቶ ጥላ ውስጥ ያገባውም እሱ ነው። የትኛው ነው እውነተኛ ስሜቱ? አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን በቁጣ ከወጣው ቃል ይልቅ በድንጋጤ ያደረገውን አምናለሁ። ይህን ያልኩትን ለእሱም አንብቢለት።

አይድረስና እንደገና ቢደርስ፣ መጀመሪያ ጥላ። ከዚያ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ በሆዱ፣ በብብቱ፣ በጭኖቹ መሃልና በመዳፉ ላይ ማፍሰስና በካርቶን ማራገብ። እርጥብ ፎጣ ሸፍኖ መተው አይበጅም፤ ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ውሃ በአፉ በግድ አትጋቱት፤ ትን ብሎት ሳንባው ሊገባ ይችላል። ራሱ መጠጣት ሲችል ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። ቢነሳም እንኳ ለእንስሳት ሐኪም ይታይ። ሙቀት ኩላሊትንና አንጀትን ጎድቶ ጉዳቱ የሚታየው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ቢያስመልሰው፣ ደም የቀላቀለ ቢያስቀምጠው ወይም ሽንቱ ቢጠቁር ለነገ አትበይ። አንበሶን እስካሁን ሐኪም አላየውም ብለሽኛል። ደህና ቢመስልም በዚህ ሳምንት ውሰጂው። የምትወስጂው ግን ጠዋት በማለዳ ነው፤ በቀትር ባጃጅ ውስጥ አይደለም። የሰው ማስታገሻ ክኒን ደግሞ ከቤት አንስታችሁ እንዳትሰጡት፤ ውሻን ይጎዳል። ድመት ላለው ሰውም ልንገር፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ቃል ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ግን በየመስመሩ መሃል ይሰማኛል። ለስድስት ሰዓት ትተሽው ሄድሽ። ውሃ አስቀምጠሽለት ነበር፤ በስልክ ነግረሽኛል። በሰንሰለቱ ጎትቶ ደፋው። እኔ ያደግኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ውሻችንን አስሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ያሰርኩት ጠዋት ጥላ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ፀሐይ ትዞራለች፤ እኔ ግን ይህን አላሰብኩም። ስመለስ ሞቶ ነበር። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ «ልጄ፣ ጥላ እኮ ይሄዳል» ብቻ አለችኝ። ይኸው ዛሬም ድረስ አንድ እንስሳ ታስሮ ሳይ መጀመሪያ የማየው ጥላው ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሚዞር ነው። አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ። አንበሶ በሕይወት አለ። ጥፋቱን እያሰብሽ ከምትቃጠዪ የሚታሰርበትን ቦታ እናስተካክል።

ግቢያችሁ ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ ብለሽኛል፤ አከራይሽ ከሥሩ በርበሬ ያሰጣሉ፣ ሰው ቡና ይጠጣል። እኔ የምለው፣ ከማንጎው ግንድ እስከ ግድግዳው ወፍራም ሽቦ ከፍ ተደርጎ ቢወጠርና ሰንሰለቱ በቀለበት ሽቦው ላይ ቢንቀሳቀስስ? አንበሶ ጥላውን እየተከተለ ይንቀሳቀሳል፤ ልጆቹ የሚጫወቱበት ጋ ግን አይደርስም። ሰንሰለቱ ዛፉ ላይ እንዳይጠመጠም ብቻ ሞክሩት። አከራይሽ ዛፋቸውን ካልሰጡ ሁለተኛው መንገድ የቆርቆሮ ቤቱን ማፍረስ ነው። ከእንጨት፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ፣ በሁለት በኩል አየር የሚያስገባ መጠለያ ይበቃዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑ ካልቀረ ላዩ ላይ ወፍራም ሳር አልብሱት። የሣር ቤት በበጋ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የጎጃም ልጅ አይነገራትም። ከአጥሩ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ክረምቱ ሲገባም ያ ከፍታ ይጠቅመዋል፤ ጭቃና እርጥበት ላይ አይተኛም።

ውሃው በሸክላ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከአፉ የተሸረፈ ገንቦ ከግማሽ በታች መሬት ውስጥ ቅበሪለት፤ አይደፋም፣ ቶሎም አይሞቅም። አንድ ውሻ በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። አንበሶ 30 ኪሎ ቢሆን አንድ ሊትር ተኩል ነው፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄጂ ሞልተሽ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ከተከራዮቹ አንዱ እንዲጨምርለት ለምኚ። የሚለመን ሰው መፈለጉ በራሱ ጥሩ ነው። ውሃ የሚያቀርብለት ሰው ቀስ በቀስ አይፈራውም፤ አንበሶም ያውቀዋል።

የሚበላው በማለዳና ፀሐይ ከጠለቀ በኋላ ይሁን። ምግብ የቀነሰው ሙቀት ላይ ስለምታበሉት ሊሆን ይችላል። ሲንሸራሸርም እንደዚያው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ የዘንባባው መንገድ ቀዝቀዝ ሲል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት አስፋልት አይርገጥ። የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጊና እስከ ሰባት ቁጠሪ፤ ካላስቻለሽ መዳፉንም ያቃጥለዋል። ወደ ጣና ዳር ስትወስጂው በገመድ ያዢው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ውሃ ያየ ውሻ ደግሞ አይመለስም። ጸጉሩን እንላጨው ወይ ብለሽኝ ነበር። አትላጪው። የውሻ ጸጉር ከፀሐይም ይከልለዋል፤ የተላጨ ቆዳ ይቃጠላል። ይልቅ በየቀኑ አበጥሪው፤ የሞተው ጸጉር ሲራገፍ አየር ይገባዋል። ስታበጥሪ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ በጣቶቹ መሃል እዪ። በዚህ ወቅት መዥገርና ቁንጫ ይበዛል። መዥገሩን በወረንጦ ከሥሩ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቢበት የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እባክሽ አታድርጊ፤ ይመርዘዋል፤ ቆዳውንም ያነደዋል። ለከብት የሚረጨውን መድኃኒትም በግምት አትርጪበት። ለውሻ የሚሆነውን በልኩ የሚነግርሽ የእንስሳት ሐኪሙ ነው።

ፋሲካም እየመጣ ነው። ሁለት ወር ገደማ እንጀራና ሽሮ ሲበላ የከረመ ውሻ በአንድ ቀን አጥንትና ስብ ሲወርድበት ይታመማል። ከዚያ በላይ የማስጠነቅቅሽ ግን የዶሮ ወጡን ነው። ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ተርፏል ብላችሁ እንጀራ አትፈትፍቱለት። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ይሰበርና አንጀት ይወጋል። በግ ካረዳችሁ ደግሞ ጉበቱን ወይም ሳንባውን አገላብጣችሁ እዩት። ውሃ የቋጠረ ዕብጠት ካለበት ለውሻ አይጣል፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ያ ዕብጠት ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይመለሳል። ልጆች ባሉበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አከራይሽ። «ወይ ውሻው ወይ እናንተ» ያሉት ሴት ክፉ ሴት አይመስሉኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ከመጀመሪያውም አይፈቅድም። የፈሩትን ነገር አስቢው፤ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ልጅ ቢነከስ ተጠያቂዋ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በልመና ብቻ አትሂጂ። መጀመሪያ ክሊኒክ ሄደሽ አንበሶን የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቢው። አባትሽ አስከትበውት ነበር ብለሽኛል፤ ግን ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ዓመትም አልፎታል። በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ወረቀቱን ይዘሽ፣ የሽቦውንና የመጠለያውን ነገር አስበሽ፣ ባለቤትሽን አስከትለሽ እሑድ ከሰዓት ቡና አፍዪና ጥሪያቸው። ጎረቤቶቹንም ጥሪ። «አስደንግጠናችኋል፤ ይቅርታ» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ውሻው ለአሥር ቀን ታይቶ ጤነኛ መሆኑን፣ መከተቡን፣ ከእንግዲህ የት እንደሚታሰር ንገሪያቸው። አንድ ወር ብቻ ይታገሱሽ ዘንድ ጠይቂ። ከወር በኋላ እንቢ ካሉ እንቢታቸውን ተቀበዪ፤ ቤቱ የእሳቸው ነው።

እንቢ ካሉስ? ባለቤትሽ ገጠር ለዘመድ እንስጠው ማለቱ ከጭካኔ አይመስለኝም። ግን ገጠሩ የት ነው? ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ቆላ ከሆነ ከባሕር ዳርም የባሰ ይሞቀዋል። ደጋ ከሆነ፣ ሰዎቹም ውሻ የሚወዱ ከሆኑ፣ እስከ ክረምቱ ድረስ እንኳ መላክ ክህደት አይደለም። ይህን በልብሽ እንድታሳድሪው እፈልጋለሁ። አንበሶን መላክ አባትሽን መቅበር አይደለም። በቆርቆሮ ጥግ እየተቃጠለ ከአጠገብሽ እንዲሆን ማድረግም አባትሽን ማኖር አይደለም። እሳቸው ቢኖሩ የቱን ይመርጡለት ነበር? እኔ አላውቃቸውም፤ አንቺ ታውቂያለሽ።

«ለውሻ ነው እንዴ የምታለቅሽው?» ላለችሽ ጎረቤት መልስ የለሽም መሰለኝ፤ ዝም ብለሻታል። ለእኔ ግን ልትነግሪኝ ትችያለሽ። አርባው ካለፈ ወዲህ ስለ አባትሽ ቁጭ ብለሽ ያወራሽው ሰው አለ? አዲስ ቤት፣ አዲስ ከተማ፣ ሥራ፤ ሐዘንሽን የምታሳርፊበት ቦታ ያገኘሽ አይመስለኝም። ማታ ማታ በር ላይ ተጋድሞ መንገድ የሚያየው ውሻ የአንቺንም ድርሻ ያለቅስልሽ ነበር። አልቅሺ እህቴ። ለእሱም፣ ለአባትሽም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። «እዚያ ለውሻ ቦታ የለም ተባለ» ነው ያልሽኝ። ማን ነው ያለው? እህትሽ? ባለቤቷ? እናትሽ ራሳቸው ተጠይቀዋል? ባላቸውን አጥተው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ሰባት ዓመት ያበሉትን ውሻ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ አይተዋል። ምናልባት ለእሳቸው እፎይታ ነው። ምናልባት ደግሞ እንደ አንቺ እንቅልፍ አጥተው ይሆናል፤ ግን ለልጆቻቸው ሸክም ላለመሆን ዝም ብለዋል። ደብረ ማርቆስ ቀዝቃዛ ነው። የእህትሽ ግቢ ጠባብ ቢሆን እንኳ፣ የአባትሽን ቤት የሚጠብቅ ወይም የሚያውቀው አንድ ጎረቤት አይጠፋም ይሆናል።

ዛሬ ማታ ደውዪላቸው። ቅዳሜ የሆነውን አትደብቂያቸው፤ ከዚያ «እማ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸውና እሳቸው እስኪናገሩ ዝም በዪ።